ምግባችን ለፎቶ አይሆንም አትበሉኝ!

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። የቸኮለ ላይክ አድርጎ ይለፍ፤ አልቀየምም። ጊዜ ያለው ግን ሻዩን ይዞ ይቀመጥ። ተናድጄ ነው የምጽፈው።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ባለፈው ረቡዕ በእረፍት ሰዓት መምህራን ማረፊያ ክፍል ቁጭ ብለናል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስልኩን አውጥቶ የአንዲት የቀድሞ ተማሪያችንን የቴሌግራም ቻናል አሳየን። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ስታጣ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። እዚሁ ደብረ ብርሃን በተከራየችው አንድ ክፍል ቤት የጾም በያይነቱ እየሠራች ለባንክና ለቢሮ ሠራተኞች ምሳ ታደርሳለች። ፎቶው የተነሳው ማታ ነው፤ በአምፖልና በስልክ ፍላሽ። ሽሮው ጥቁር፣ ምስሩ ጥቁር፣ ጎመኑ ጥቁር። እንጀራው ቢጫ። መሃል ላይ የፍላሹ ነጸብራቅ እንደ መኪና መብራት ያፈጣል።

ባልደረባዬ ምን አለ? «የኛ ምግብ ለአፍ እንጂ ለካሜራ አልተፈጠረም። ጭቃ ነው እኮ የሚመስለው!»

ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅኩ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ከሱ ንግግር ይልቅ የራሴ ሳቅ አናደደኝ። ምክንያቱም ያቺን ልጅ ስለ ብርሃን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሰሌዳ ላይ ቀስት ስዬ፣ «አንግል ኦፍ ኢንሲደንስ ኢኩዋልስ አንግል ኦፍ ሪፍሌክሽን» ብዬ አስጽፌ፣ ፈትኜ፣ ከ10 ዘጠኝ ሰጥቼ ነው ያሳለፍኳት። ልጅቷ ሕጉን አውቃው ወጣች። ለሽሮ እንደሚያገለግል ግን ማንም አልነገራትም። እኔም ጭምር።

እና ዛሬ እዚህ የምጣላው ከሦስት ውሸቶች ጋር ነው። ሦስቱንም በየቀኑ እንሰማለን፤ እንናገራለንም። ሁዳዴ ሊገባ ነው። 55 ቀን ማለት የጾም ምግብ ሸጠው ለሚያድሩ ልጆች የዓመቱ ዋና ገበያ ነው። በውሸት ምክንያት ገበያቸው መበላሸት የለበትም።

ውሸት አንድ፦ «ቀለሙ ነው፤ ምግባችን ቡናማ ነው»

ቡናማ ቀለም ለፎቶ አይሆንም የሚል ሰው ቸኮሌት አይቶ አያውቅም ማለት ነው። ቸኮሌት ቡናማ ነው። የተቆላ ቡና ቡናማ ነው። ከምድጃ የወጣ ዳቦ ቡናማ ነው። የተጠበሰ ሥጋ ቡናማ ነው። የሕንዶች ካሪስ ከኛ ወጥ በቀለም ምን ያህል ይርቃል? እነዚህ ሁሉ በማስታወቂያ ላይ ምራቅ ያስውጣሉ። የኛ ምስር ወጥ ጋ ሲደርስ ነው ቡናማ ጭቃ የሚሆነው? ኧረ ተዉ!

ልዩነቱ ብርሃኑ ከየት መጣ የሚለው ነው። ክፍል ውስጥ ያልነገርኳችሁን አሁን ልንገራችሁ።

የስልክ ፍላሽ ሌንሱ አጠገብ ነው የተተከለው። ስለዚህ ብርሃኑ የሚሄደው ካሜራው በሚያይበት አቅጣጫ ነው። ጥላ ይፈጠራል፤ ግን ከነገሩ ጀርባ ስለሚደበቅ ካሜራው አያየውም። ጥላ የማይታይበት ፎቶ ደግሞ ጉብታና ጉድጓድ የለውም፤ ዝርግ ነው።

እንጀራን አስቡ። የእንጀራ ክብሩ አይኑ ነው። እናቶቻችን የሰው እንጀራ ሲያዩ መጀመሪያ የሚያዩት አይኑን ነው። አይን ምንድን ነው? ትንሽ ጉድጓድ ነው። ጉድጓድ ደግሞ የሚለየው አንዱ ጠርዙ ሲበራ፣ ሌላው ጠርዙ ሲጨልም ነው። ፍላሽ ፊት ለፊት ስትለቁበት ሁሉም እኩል ይበራል፣ አይኑ ድራሹ ይጠፋል፣ እንጀራው የጠረጴዛ ላስቲክ ይመስላል። ሌሊት ተነስታ ሊጥ ያቦካች፣ ጭስ ወይም የምጣድ ሙቀት የጠበሳት ሴት ሙያ በአንድ ፍላሽ ተሰረዘ ማለት ነው። ያንኑ እንጀራ ከጎን ብርሃን ስጡት፤ አይኑ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ገጠር ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ፀሐይ ከአድማስ ስትወጣ በታረሰ ማሳ ላይ እያንዳንዱ ትልም ይታያል። ስድስት ሰዓት ላይ ያው ማሳ ዝርግ ነው። ማሳው አልተለወጠም፤ ፀሐይዋ የቆመችበት ቦታ ነው የተለወጠው።

ወጡም እንደዚሁ ነው። የወጥ መልኩ ዘይቱ ላይ ነው፤ ተንተክትኮ ተንተክትኮ ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ «በስሏል» እንላለን። ዘይት የሚያብረቀርቀው እንደ መስታወት ስለሚያንጸባርቅ ነው። መስታወት ደግሞ የሚሰጣችሁን የምታሳዩትን ነው። የስልክ ፍላሽ ካሳያችሁት አንዲት የተቃጠለች ነጭ ነጥብ ይመልስላችኋል። ከወጡ ወዲያ ማዶ፣ ትንሽ ከጎን፣ ሰፊ መስኮት ካሳያችሁት ደግሞ ለስላሳ ወዝ ይመልስላችኋል። ብርሃኑ በመጣበት ማዕዘን ልክ ወደ እናንተ ይመለሳላ! ያው ከ10 ዘጠኝ ያመጣችሁበት ሕግ ነው።

ይሄ የኔ ግኝት አይደለም። ዮሐንስ ቨርሜር የሚባል የሆላንድ ሠዓሊ በ1658 አካባቢ አንዲት የቤት ሠራተኛ ወተት ስትቀዳ ሥሏል። ሥዕሉ ዛሬ አምስተርዳም ራይክስሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ኢንተርኔት ላይ ፈልጋችሁ እዩት። ጠረጴዛው ላይ ያለው ተራ ዳቦ ነው፤ ቡናማ ዳቦ። ግን ቅርፊቱን በእጅ የምትነኩት ይመስላችኋል። ብርሃኑ ከየት ነው የሚመጣው? በስተግራ ካለች አንዲት መስኮት። በቃ፤ መስኮት ብቻ።

ውሸት ሁለት፦ «ስልኬ ነው፤ አይፎን ቢኖረኝ…»

ይሄን ውሸት ከሁሉም በላይ የምጠላው ሰውን ዕዳ ውስጥ ስለሚከት ነው። የአንድ ዓመት ትርፏን ስልክ ላይ አፍስሳ፣ ያንኑ አምፖል ስር ያንኑ ጥቁር ሽሮ በውድ ስልክ ያነሳች ሰው አውቃለሁ። እኔም ከደመወዜ ላይ እየቆረጥኩ ስልክ ለመቀየር ዕቁብ ልገባ ነበር። የኔ ስልክ ቴክኖ ናት፤ ጥግዋ የተሰነጠቀ። ዛሬም እሷው ናት።

«ፎቶዬ አይጠራም፣ ይደበዝዛል» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያማርረው ስለ ብርሃን ነው፤ ስሙን ስላላወቀው ስልኩን ይሰድባል። ካሜራ ብርሃን የሚሰበስብ ዕቃ ነው። እንደ ጣሪያ ውሃ አስቡት። ዝናቡ ካፋ በርሜሉ እስኪሞላ ብዙ ትጠብቃላችሁ። እስከ ዛሬ ተጠብቆ የቆየውን የመጀመሪያ የካሜራ ፎቶ ፈረንሳዊው ኒሴፎር ኒዬፕስ በ1826 ወይም በ1827 ከቤቱ መስኮት ሲያነሳ ብዙ ሰዓታት ነው የፈጀበት። ስልካችሁ ያንን ሥራ በሰከንድ ሽራፊ ይጨርሳል፤ ብርሃን ካገኘ።

ካላገኘ ግን ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ መቀበያውን ለረዘመ ጊዜ ክፍት አድርጎ ይጠብቃል። በዚያች ቅጽበት እጃችሁ ትንቀጠቀጣለች፤ የማይንቀጠቀጥ እጅ የለም፤ ምስሉ ይወላገዳል። ሁለተኛ፣ ያገኘችውን ጥቂት ብርሃን በግድ ያጎላታል። የራዲዮ ጣቢያ አልገባ ሲል ድምፁን ስትጨምሩት ጩኸቱም አብሮ እንደሚጨምረው ማለት ነው። ምስሉ ላይ አሸዋ የመሰለ ነገር ይበተናል። ስልኩ ያን አሸዋ ለማጽዳት ሲል ፎቶውን ያለሰልሰዋል፤ ከአሸዋው ጋር የምስሩን ፍሬ፣ የጎመኑን ጅማት፣ የእንጀራውን አይን አብሮ ያብሰዋል። ደበዘዘ ያላችሁት እሱ ነው።

«እቤቴ ብርሃን አለ እኮ፤ አየዋለሁ» ትሉኛላችሁ። አይናችሁ ያታልላችኋል። አይን ጨለማን ይለምዳል፤ ብሌኑ ይሰፋል፤ የምሽት ክፍል ብሩህ ይመስላችኋል። በአምፖል በምትበራ ወጥ ቤትና በቀን በራፍ ላይ ባለ ጥላ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ግን ብዙ እጥፍ ነው።

ስለዚህ ስልክ ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን ነጻ ነገሮች አድርጉ።

ሌንሱን ጥረጉ። አትሳቁ! ወጥ ቤት የምትውል ስልክ ናት። ዘይትና በርበሬ የነካው ጣት ሌንሱ ላይ ቀጭን ቅባት ይተዋል፤ ቅባቱ ብርሃኑን ይበትነዋል፤ ፎቶው ጭጋግ ይለብሳል። በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ አንዴ ማበስ ነው።

በጣት ጎትታችሁ አታጉሉ። በአብዛኛው ስልክ ላይ ያ ማጉላት ፎቶውን ቆርጦ መለጠጥ ነው። ይልቅ እግራችሁን ተጠቀሙ፤ ቅረቡ። ግን ሌንስ ሁሉ ከዚህ በላይ ከቀረባችሁኝ አልለይም የሚልበት ድንበር አለው። እምቢ ካለ ትንሽ ራቁና በኋላ ቁረጡት።

ስክሪኑ ላይ በጣታችሁ ምግቡን ንኩ፤ ለእናንተ የሚቀርበውን፣ አይን እንዲያርፍበት የምትፈልጉትን ቦታ። ብዙ ስልኮች ጣታችሁን ስታቆዩበት ይቆልፉታል። ከዚያ የብርሃን ምልክቷን ትንሽ ወደ ታች ሳቡ። ነጭ ሆኖ የተቃጠለ እንጀራ አይመለስም፤ ትንሽ የጨለመ ግን ይመለሳል።

ስልኩን በሆነ ነገር አስደግፉ። ኩባያ ይሁን፣ የጤፍ ከረጢት ይሁን፣ ወንበር ይሁን። የ3 ሰከንድ ሰዓት ሙሉና እጃችሁን አንሱ። ትራይፖድ ይኸው።

በቴሌግራም ለደንበኛ ስትልኩ ምስሉ ይጨመቃል። ጥራቱ እንዳይቀንስ የፈለጋችሁትን በፋይል መልክ ላኩት።

ጠቅላላ ወጪ፦ ዜሮ ብር።

ውሸት ሦስት፦ «ችግር የለም፣ ኤዲት ያስተካክለዋል»

እዚህ ላይ ነው ዋናው ጠቤ።

ያቺ ተማሪዬ መጀመሪያ ላይ «የምግብ ፎቶ ባለሙያ ነኝ» ለሚል ሰው 3 ሺህ ብር ከፍላ ነበር። ማንነቱ አያስፈልጋችሁም። 3 ሺህ ብር ለአንዳንዳችን ቀላል ይሆናል፤ ለሷ የስንት ምሳ ትርፍ መሆኑን አስሉት። ሰውዬው ክብ መብራቱን ፊት ለፊት ተከለ። ውጤቱን አይቼዋለሁ፤ ወጡ ላይ ባለው ዘይት ውስጥ ነጭ ቀለበት ይታያል። ቀለበት! የዘይት መስታወትነት ተረሳ ማለት ነው። ከዚያ ኤዲቱ መጣ። ቀይ ስሩ ወይን ጠጅ ሆኖ አበራ። ምስሩ የትራፊክ ቀይ መብራት መሰለ። ጎመኑ ከሌላ ፎቶ የመጣ ይመስላል።

ልጅቷ ደስ ብሏት ለጠፈችው። ትዕዛዝም መጣ። አንዲት የባንክ ሠራተኛ ምሳዋን ተቀብላ ከፍታ አየችና «ፎቶው ላይ ያለው እኮ ይሄ አይደለም» አለቻት። በላችው፤ ግን ደግማ አላዘዘችም። ልጅቷ ያን ፎቶ አነሳችውና ማታ በፍላሽ የራሷን አነሳች፤ እኛ የሳቅንበትን። ውሸት ላለመናገር ብላ ነው ጭቃ የመሰለውን የለጠፈችው። እኛ ደግሞ ሳቅንባት። ገባችሁ አይደል ለምን እንደተናደድኩ?

ኤዲት ሁሉ ኃጢአት ነው አላልኩም። ትንሽ ማብራት፣ ትንሽ መቁረጥ፣ ቢጫ የሆነውን እንጀራ ወደ ራሱ ቀለም መመለስ ሥራ ነው፤ እኔም አደርገዋለሁ። ግን እንወቅ። «ሻርፕ» የሚለው መግፊያ የጠፋ ነገር አያመጣም። የሚሠራው በጠርዞች ላይ ጨለማውን አጨልሞ ብርሃኑን ማብራት ነው። አይኑ የጠፋ እንጀራ ላይ ሻርፕ ብትጨምሩ የሚጎላው አሸዋው ነው። ቀለም መጨመሪያውም በርበሬው ውስጥ የሌለ ቀለም ነው የሚያመጣላችሁ።

የኔ መለያ መስመር ይቺ ናት፦ ጥሩ ብርሃን ያለውን ያሳያል፤ መጥፎ ኤዲት የሌለውን ይጨምራል። ሸሚዝ ብትሸጡ ሰው በፎቶው ተታሎ ለብሶት ሊለምደው ይችል ይሆናል። ምግብ ግን ያን ዕለት በስድስት ሰዓት ይከፈታል። ፎቶውና ምሳ ዕቃው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ዳኛው የተራበ ሰው ነው። የተራበ ዳኛ ደግሞ ይግባኝ የለውም።

ከኢንተርኔት የሰው በርገር አውርዳችሁ በራችሁ ላይ የምትሰቅሉ ምግብ ቤቶችም ይሄ ለእናንተም ነው። የራሳችሁ ጥብስ በሸክላ እየተንቸሰቸሰ እያለ የማታውቁትን ሰው በርገር መስቀል ምን የሚሉት ነው?

ቅዳሜ ጠዋት

እሺ፣ ወሬ ብቻ እንዳይሆን። ሐሙስ ዕለት ለልጅቷ ጻፍኩላት፤ ይቅርታም ጠየቅኳት። ስለ ሳቁ ነገርኳት፤ መደበቅ አልፈለግኩም። ቆየት ብላ «ቲቸር፣ እኔም አይቼው ስቄያለሁ፤ ከዚያ አልቅሻለሁ» ብላ መለሰችልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሄድኩ።

ቤቷ መስኮት የለውም። በር ብቻ። ትሪውን በርጩማ ላይ አድርገን ከበሩ አጠገብ አስቀመጥን፤ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ። አምፖሉን አጠፋን። የአምፖሉ ብርሃን ቢጫ፣ የሰማዩ ብርሃን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነው፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ካሜራው የቱን ነጭ ብሎ እንደሚይዝ ይጠፋዋል፤ እንጀራው ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ ሰማያዊ ይሆናል። አንድ ብርሃን ይበቃል።

የመጀመሪያው ፎቶ አስቀያሚ ሆነ። እውነቴን ነው። በሩ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ፀሐይዋ በቀጥታ ገብታ ግማሹን ትሪ አቃጠለችው፤ ሌላው ግማሽ እንደ ቀለም የጠቆረ ጥላ። እኔ ትሪውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እገፋለሁ። ያን ሁሉ ፎከርኩ፣ አሁን ላብ ላብ አለኝ።

ልጅቷ ዝም ብላ አይታኝ «ቲቸር፣ ነጠላ ላድርግበት?» አለችኝ።

በሁለት ምስማር የእናቷን ነጠላ በሩ ላይ ሰቀለችው። በቃ። ፀሐይ ትልቅ ብትሆንም በጣም ሩቅ ስለሆነች ለኛ ትንሽ መብራት ናት፤ ትንሽ መብራት ደግሞ ጥላው ስለት አለው። ነጠላው ላይ ስታርፍ ግን ነጠላው ራሱ መብራት ይሆናል፤ በር የሚያህል መብራት። ጥላው ይለሰልሳል። ደመናም ለኛ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አስተማሪው የረሳውን ተማሪዋ አስታወሰች። ከ10 ዘጠኝ መስጠቴ ትክክል አልነበረም፤ 10 ነበር የሚገባት።

ከበሩ ትይዩ፣ በጨለመው በኩል፣ ከትምህርት ቤት ያመጣሁትን የአሮጌ ቻርት ነጭ ጀርባ ካርቶን ላይ ለጥፈን አቆምን። የተረፈውን ብርሃን መልሶ ጥላው ውስጥ ይረጫል። ቻርቱ ፊት ለፊቱ የተሳለው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የብርሃን ነጸብራቅ። ለዓመታት በቻርቱ በኩል ሳስተምር በጀርባው በኩል ሊያበላ እንደሚችል አላሰብኩም።

በያይነቱን ከላይ አነሳነው፤ ዝርግና ክብ ስለሆነ ከላይ ነው የሚያምረው፤ ብርሃኑ ከጎን ስለሆነ የስልኩ ጥላ አላረፈበትም። ሽሮውን በድስቱ እንዳለ ገደድ አድርገን፣ ሰው ማዕድ ላይ ተቀምጦ በሚያይበት ማዕዘን አነሳነው። ጀርባው የክፍሉ ጨለማ ጥግ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ለአንዴ ጠቀመን፤ እንፋሎቱ ነጭ ሆኖ ከጨለማው ላይ ተነሳ። ማንም አልጨመረውም። እዚያው ነበረ።

ስልክ? የሷው ስልክ ነው። ኤዲት? ትንሽ ማብራት ብቻ። እንጀራው ላይ አይኑ ይቆጠራል።

በዚህ ሳምንት ሀብታም አልሆነችም፤ ተአምር አላወራችሁም። ግን ያቺ የባንክ ሠራተኛ ማክሰኞ ደግማ አዘዘች። ምሳውን ከፍታ ምን አለች መሰላችሁ? «ልክ እንደ ፎቶው ነው።» ልጅቷ ያቺን መልእክት ለኔ አስተላለፈችልኝ። ከዚህ በላይ የፎቶ ሽልማት አላውቅም።

ለተቃዋሚዎች መልስ

«ማታ ነው የምሠራው፣ ቀን ጊዜ የለኝም።» ይገባኛል። አንድ ሰሃን አስተርፉና ጠዋት አሙቃችሁ አንሱት። ጠዋት ከሁለት እስከ አራት፣ ከሰዓት ከዘጠኝ እስከ አስራ አንድ ጥሩ ነው። ደጅ ካነሳችሁ እኩለ ቀንን ሽሹ፤ በኛ አገር ፀሐይዋ ወደ አናት ትጠጋለች፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢማ ቀጥ ብላ አናት ላይ ናት። የግድ ማታ ከሆነ አንድ መብራት ብቻ አብሩ፣ ከጎን አድርጉት፣ ወደ ነጭ ግድግዳ አዙሩት፤ ግድግዳው መስኮት ይሁናችሁ። አቅርቡትም፤ ከአንድ አምፖል ያላችሁን ርቀት እጥፍ ስታደርጉት የሚደርሳችሁ ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል።

«ምግብ እየቀዘቀዘ ፎቶ ማንሳት ነውር ነው።» ይሄን እናቴም ትላለች፤ ልክ ናት። ስለዚህ ብርሃኑን በባዶ ትሪ አስተካክሉ። ስልኩን አስደግፉ፣ ነጠላውን ስቀሉ፣ ወረቀቱን አቁሙ። ምግቡ በመጨረሻ ይምጣ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ማዕዱም አይከፋም።

«አንተ ደግሞ ማን ነህ? ዲፕሎማ ይዘህ…» አዎ፣ ዲፕሎማ ነው ያለኝ። የፎቶ ባለሙያም አይደለሁም። እውነተኛ ባለሙያዎች አሉ፤ ብርሃን የሚያውቁ፣ ዋጋቸው የሚገባቸው፤ አቅም ያለው ይክፈላቸው። ጠቤ ፍላሽና ፊልተር ይዘው የድሃ ልጅ ገንዘብ ከሚበሉት ጋር ነው። ጠቤ ደግሞ ምግባችንን «ጭቃ» ብለን ከምንስቅ ከእኛው ጋር ነው።

ለመምህራን ጓደኞቼም አንድ ቃል። ልጆቹ ፈተና ላይ የሚመልሱትን ሕግ በር ከፍተው ካልተጠቀሙበት ምን አስተማርን? በሚቀጥለው ጊዜ ብርሃን ሳስተምር ሰሌዳው ላይ ቀስት ከመሳሌ በፊት አንድ እንጀራ ይዤ እገባለሁ። ርዕሰ መምህሩ ከፈቀዱ ሽሮውንም።

ሁዳዴ ሲገባ፣ ከዚያም ለፋሲካ የዶሮ ወጥ ፎቶ ሲጎርፍ፣ እህታችሁ፣ ጎረቤታችሁ፣ የድሮ ተማሪያችሁ የጠቆረ ወጥ ስትለጥፍ ታያላችሁ። ከመሳቃችሁ በፊት ሄዳችሁ በሩን ክፈቱላት።

ፎቶዋችሁን በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ እያየሁ የመሰለኝን እላለሁ። ክፍያ የለም። በያይነቱ ከመጣ ግን አልመልስም።